እጀ ሰፊዋ አማትና የገና ስጦታ

ኅዳር ተጋምሶ ጾመ ነቢያት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወገን ሥራ ይበዛበታል። አንደኛው ወገን እናቶች ናቸው፤ ራሳቸው ሽሮና ምስር እየበሉ ለፍስኩ ቀን በርበሬ ያሰጣሉ፣ የቅቤ ደንበኛቸውን ያፈላልጋሉ፣ የሽንኩርት ዋጋ ጨመረ ቀነሰ እያሉ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ወገን የእነዚሁ እናቶች አማቾችና ምራቶች ናቸው፤ የእነሱ ሥራ መጨነቅ ነው። ገና እንደወትሮው ታኅሣሥ 29 ቢውልም፣ በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ 28 ላይ ቢውልም ጥያቄው አይለወጥም፤ «ለእማማ ዘንድሮ ምን ይዘን እንሂድ?»

እማማ ቆጣቢ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ባልከበደ። አንድ ሻሽ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ምርቃት፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው እማማ እጀ ሰፊ የሆኑ እንደሆነ ነው። እሳቸው ዘንድ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ የሄደ አማች ሦስት ኪሎ በርበሬ ተሸክሞ ይመለሳል። ግማሽ ኪሎ ቡና ያደረሰች ምራት ሽሮውን፣ ድርቆሹን፣ በሶውንና ለልጆቹ የተገዛውን ካልሲ አንጠልጥላ ታክሲ ትጠብቃለች። በር ላይ ያለው ግብግብ በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው።

«ኧረ እማማ፣ በቃን!»

«ዝም በይ አንቺ! ለአንቺ ማን ሰጠሽና? ለልጆቹ ነው።»

ልጅ ያልወለዱ እንደሆነ «ለሚወለደው ነው» ይባላሉ። ፌስታሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲመላለስ ይቆይና በመጨረሻ በመኪናው መስኮት ይወረወራል። ይህን ግብግብ አሸንፎ የወጣ አማች እስካሁን አልተሰማም።

ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ አጥኚ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ባሳተመው ዝነኛ ድርሰት፣ ስጦታ በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ይምሰል እንጂ በሦስት ግዴታ የታሰረ ነው ብሎ ነበር፤ መስጠት ግዴታ ነው፣ መቀበል ግዴታ ነው፣ መመለስም ግዴታ ነው። ማስረጃውን ያሰባሰበው ስለ ፓስፊክ ደሴቶችና ስለ ሰሜን አሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ ሕዝቦች ከተጻፉ ጥናቶች ነው። አንድ የገና ዋዜማ እማማ ቤት አድሮ ቢሆን ኖሮ አንድ ምዕራፍ በጨመረ ነበር። እማማ የመጀመሪያውን ግዴታ ከሚጠበቅባቸው አልፈው ይወጡታል። ሦስተኛውንም አያስታጉሉም፤ የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንዳይመለስ ለራሳቸው ያስቀመጡትን ቆሎ ገልብጠው ይልኩበታል። መካከለኛው ግን አይሆንላቸውም። መቀበል ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይበላሻል።

እንዴት እንደሚበላሽ የሚያውቀው ቁም ሳጥኑ ነው። በአገሩ ልማድ ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትም። እማማ በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ «ምነው ተቸገራችሁ!» ይላሉ፣ ወደ መኝታ ቤት ይዘውት ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ዕቃው የሰፈሩ ነው። ሽቶው ለእህት ልጅ ምርቃት ይወጣል። ከዓረብ አገር በካርጎ የመጣው ወፍራም ብርድ ልብስ «እኔ ምን በረደኝ?» ተብሎ ለዘበኛው ይሰጣል። በአንድ ቤት የሆነው ደግሞ እስካሁን ይወራል። አማች ለገና የወሰደው የስድስት ብርጭቆ ካርቶን ከቁም ሳጥን ወጥቶ ለአክስት ልጅ ሠርግ ይሄዳል፤ ሙሽሮቹ ብርጭቆ በዝቶባቸው ለአንድ ዘመድ ያሻግሩታል፤ ዘመድየው ከዓመታት በኋላ አማችየው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቤት ሲያስመርቅ ያንኑ ካርቶን ይዞለት ከች ይላል። ጥግ ላይ በራሱ እጅ የተጻፈው «እንኳን አደረስዎ» አልጠፋም። ሰውየው ዝም ብሎ አመሰገነ፤ ብርጭቆዎቹም ጥሩ ነበሩ።

ታዲያ ስጦታው ከበድ ያለ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ባለሙያዎች ለደሞዝተኛ የሚያጽናና ነገር አላቸው። ጆኤል ዋልድፎግል የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለገና የተሰጣቸውን ዕቃ ራሳቸው ቢሆኑ ስንት አውጥተው እንደሚገዙት ጠየቀ። መልሱን ከተከፈለው ዋጋ ጋር ሲያስተያየው፣ ከወጪው ከአሥር በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው በተቀባዩ ዓይን ከንቱ ሆኖ አገኘው። ከአክስትና ከአጎት የመጣው የበለጠ ይባክናል፤ ከጓደኛና ከፍቅረኛ የመጣው ያነሰ። ሰባት ዓመት ባንክ የሠራ አንድ አማች ይህን ቢያነብ ዘንድሮ ምንም ላለመግዛት ምክንያት አገኘሁ ይል ይሆናል። ነገር ግን ዋልድፎግል ተማሪዎቹን ሲጠይቅ የስሜት ዋጋውን ወደ ጎን ትታችሁ ገምቱ ብሏቸው ነበር። የእማማ ሂሳብ ደግሞ ሙሉውን ያለው ወደ ጎን በተተወው በኩል ነው።

ጋብሪኤል አዳምስና ፍራንሲስ ፍሊን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ሌላ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያቀልለዋል። ሰጪዎች የስጦታው ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ምስጋናውም ከፍ ይላል ብለው ይጠብቃሉ፤ ተቀባዮቹ ሲጠየቁ ግን ምስጋናቸው ከዋጋው ጋር አልሄደም። እንግዲህ የበግ ዋጋ ሰምቶ የደነገጠ አማች ትንፋሹን ይሰብስብ። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባዛር ለባዛር መዞርም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ነገር እማማ ለሌላ ሰው አሳልፈው መስጠት ይችላሉ? ከቻሉ ይሰጡታል። ስለዚህ የሚፈለገው ወይ አሳልፎ ለመስጠት የማይመች፣ ወይ ቢሰጥ የማያልቅ፣ ወይ ደግሞ ራሱን መስጠቱን የሚያግዛቸው ነገር ነው።

እሳቸውን መጠየቅ ዋጋ የለውም። «እማማ ምን ያስፈልግዎታል?» ቢባሉ መልሱ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ «እናንተ ደህና ሁኑልኝ እንጂ እኔ ምን ጎደለኝ?» ምን እንደጎደለ የሚታወቀው በዙሪያ ጥምጥም ነው። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው ልጅ ታውቃለች፣ ቡና የሚጠጡት ጎረቤት ያውቃሉ። ዓይን ያለው አማችም በራሱ ያየዋል፤ በክር የታሰረ እጀታ፣ በካርቶን የተደገፈ የወንበር እግር፣ በሁለት የላስቲክ ማሰሪያ የሚዘጋ የስኳር ዕቃ። እጀ ሰፊ እናት ለሰው አዲሱን ሰጥተው ለራሳቸው የሚያስቀሩት እንዲህ ያለውን ነው።

ከረከቦቱ መጀመር ይቻላል። ስኒዎቹ ሲገዙ ደርዘን ነበሩ። አንዷ የልጅ ልጅ ክርስትና ዕለት ተሰበረች፤ ሌላዋን ሠራተኛዋ ስታጥብ አመለጠቻት፤ አሁን ረከቦቱ ላይ ሁለት ባዕድ ስኒዎች ተቀላቅለዋል፤ አንዷ አበባ የላትም፣ አንዷ ትልቅ ናት። እማማ አቦል ሲቀዱ ሁለቱን ባዕዶች ሁልጊዜ ለራሳቸውና ለቤት ሰው ያደርጓቸዋል። ነቃ ያለ አማች የአበባዋን ስኒ በስልኩ ፎቶ ያነሳና መርካቶ ይወርዳል። ዕቃ ተራውን ሱቅ ለሱቅ ይጠይቃል፤ «ይሄ ሞዴል ቀርቷል ወንድሜ» ይባላል፤ አንዱ ጋ ከመደርደሪያ ጀርባ አቧራ ለብሰው ሁለት ይገኛሉ። ዋጋቸው ከታክሲው ቢበልጥ ነው። ገና ዕለት እማማ ቶናውን ሲቀዱ ቆም ይሉና ስኒዎቹን ይቆጥራሉ። «ይህቺን ከየት አመጣሃት?» ስጦታው ሰመረ ማለት ነው። ደግሞም ሁለት ስኒ ለሠርግ አይሰጥም፤ ቁም ሳጥን ውስጥም አይገባም።

ከቡናው ሳይርቁ ዕጣን አለ። የማቴዎስ ወንጌል እንደሚተርከው ሰብአ ሰገል ለመጀመሪያው ገና ያመጡት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ነበር። ከሦስቱ ወርቁ ለአማች ኪስ አይመከርም፤ ዕጣኑ ግን በመተማና በሁመራ ቆላ ከዛፍ ቅርፊት ላይ ተለቅሞ መርካቶ ድረስ ይመጣል። ልዩነቱ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ሱቅ በደረቴው ለሁሉ የሚያቀርበውን አቧራ የበዛበት ድብልቅ ማንም ይገዛል። ፍሬው ነጣ ያለውን፣ እንባ የመሰለውን መርጦ በትንሽ ቆርቆሮ ያስቀመጠ ሰው ግን አስቦበታል። አዎ፣ እማማ ግማሹን ለጎረቤት ያካፍላሉ። ሲጨስ ግን ሽታው እሳቸውም ቤት ይገባል።

ቢሰጥ የማያልቅ ስጦታ ሲፈለግ ከጤና አዳም የሚሻል የለም። አንድ የዘይት ጀሪካን አጋማሹ ላይ ተቆርጦ፣ ሥሩ ተበስቶ፣ አፈር ሞልቶበት አንዲት ቅርንጫፍ ትተከልበታለች። ሥር እንድትይዝ ከጥቅምት ጀምሮ ካሰቡበት ለገና ትደርሳለች። ቡናው ላይ ጣል የምትደረገውን ዘለላ እማማ ከራሳቸው ደጃፍ ይቀጥፋሉ፤ ጎረቤቶቹ እነ እትዬም መጥተው ይቀጥፋሉ፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ግማሹ ሰፈር የእማማ ጤና አዳም ልጆች ይኖሩታል። አጠገቧ በሶብላ ቢጨመር ለሚመጣው ዓመት በርበሬ ይደርሳል። ለሰጪ እጅ ከዚህ የተመቸ ዕቃ በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም፤ የጀሪካኑም ዋጋ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ዜሮ ነው።

ጉልበት ደግሞ አለ። የገና ዶሮ 12 ብልት ወጥቶለት፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ ድስት ሙሉ ሽንኩርት ተቁላልቶለት የሚሠራ ነገር ነው። ወጡን እማማ ለማንም አይሰጡም። «አንተ ሂድ፣ ቁጭ በል፣ ወንድ ልጅ ምን ያደርጋል ማጀት?» ይላሉ። ሽንኩርቱ ግን ድርድር ይቀበላል። በዋዜማው ጠዋት ቢላዋና መክተፊያውን ራሱ ይዞ የመጣ፣ ከበር ላይ ቁጭ ብሎ አምስት ኪሎ ሽንኩርት ልጦ የከተፈ፣ ዓይኑ ቀልቶ የወጣ አማች የሰጠውን ስጦታ ለማን አሳልፈው ይሰጡታል? እንባው አንዴ ፈስሷል። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ዝናው ከማንኛውም ጋቢ በላይ ይቆያል። ዓይኑ የማይችል እንደሆነ የማጀቱን ቢላዋ ሁሉ ለቅሞ በሞረድ ቢስል ያው ነው። እጀ ሰፊ እናት ቤት ያለ ቢላዋ ሁልጊዜ ዶማ ነው፤ ስለቱ ለሰው ሲቆርጥ አልቋል።

ምራት ከሆነች ደግሞ በርበሬው ይጠብቃታል። ዛላው ሲቀነጠስ፣ ሲታጠብ፣ ሲሰጣ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሲደለዝ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙዱ ተለቅሞ ታምሶ ሲገባበት፣ ከዚያም ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠበቅ ሳምንት አያንስም። የእማማ ወገብ የሚሰበረው በመቀንጠሱና በወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ነው። ቅዳሜዋን ይዛ የሄደች ምራት ከሁለቱ አንዱን ብትወስድላቸው በቂ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በርበሬ ላይ እየተዘገነ ለምራቷም ስለሚላክ፣ ነገሩ በአንድ በኩል የራሷንም ጓዳ መሙላት ነው። እማማ ይህን ያውቃሉ፤ አይናገሩትም።

ዓይን የሚደክምበት ዕድሜ ላይ የደረሱ እንደሆነ ሦስት ቀላል ነገሮች አሉ። አንደኛው በትላልቅ ፊደል የታተመ ዳዊት ነው፤ የዱሮው ትንሹ ዳዊት ጠርዙ ተበልቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ፊደሉም ከዓመት ዓመት እያነሰ የሄደ ይመስላቸዋል። ሁለተኛው አንድ እስር ጧፍ ነው፤ ለገና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለራሳቸው አንድ፣ ላልያዘ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያበሩት። የሦስተኛው ወጪ ከምንም አይቆጠርም። ደርዘን መርፌ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ክር ተሰክቶባቸው በአንድ ቁራጭ ስፖንጅ ላይ ይደረደራሉ። የነጠላ ጥለት ሊጠግኑ ፈልገው መርፌውን ወደ መስኮት ከፍ አድርገው፣ ክሩን በምራቅ አርሰው፣ የጎረቤት ልጅ የሚጠሩበት ዘመን ያበቃል። ልጅቷ ግን መምጣቷን አትተውም፤ ጥሪው ከረሜላ ነበረው።

ስልክም አለ፣ አዲስ ስልክ ሳይገዛ። የያዙት ስልክ ላይ ፊደሉን ማተለቅ፣ የልጆቹን ስም ከነፎቶአቸው ማስገባት፣ ቤሩት ያለችውን ልጅ በኢሞ አንድ ጊዜ ተጭነው እንዲያገኙ ማድረግ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሞላውን ማኅደረ ትውስታ ማጽዳት ግን በጥንቃቄ ይሁን፤ እማማ የማይፈልጉት የሚመስለው «መልካም ሰኞ» የሚል የአበባ ሥዕል በሙሉ በጥንቃቄ የተቀመጠ ነው። ከአልበማቸው ውስጥ የደበዘዘውን የሠርግ ፎቶ ወስዶ፣ አሳድሶና አሳጥቦ መመለስም በፎቶ ቤት ዋጋ የሚያልቅ ነው። ይህን ግን ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አድርጎ ማሳጠብ ብልህነት ነው፤ አለዚያ መጀመሪያ ቤት የገባው ልጅ ይዞት ይወጣል፤ የሰጡት ራሳቸው ናቸው።

የማይወሰደውም ይታወቅ። የሰውነት ክብደት መለኪያ አይወሰድም። ስኳር አልባ ብስኩት ሐኪም ካላዘዘ አይወሰድም። «ጊዜ ይቆጥብልዎታል» የተባለ ሽንኩርት መፍጫ ማሽን ቢወሰድ «ዕድሜ ለመንግሥት፣ ለመብራት ማን ይከፍላል?» ተብሎ ምራት ቤት ይመለሳል። ካላንደር ደግሞ ባንኮች በመስከረም አድለው ስለጨረሱ በታኅሣሥ መውሰድ ከሦስት ወር በኋላ እንኳን አደረሰዎ ማለት ነው። ከሁሉም የከፋው ለአንዷ አማት የተወሰደው ለሌላይቱ ያልተወሰደ እንደሆነ ነው። የባልና የሚስት እናቶች በገና ማግስት መደዋወላቸው አይቀርም፤ «እኔንማ ልጆቹ ዘንድሮ አንበሸበሹኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የአንድ ትዳር የጥር ወር ሰላም ሊያናጋ ይችላል።

ባሕር ማዶ ሲሆን መልኩ ይለወጣል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ አማቾች አንድ የታደሉት ነገር አለ፤ ሁለት ገና አላቸው። የፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ያልፍና የእነሱ ጃንዋሪ 7 ይመጣል፤ በመሃል 13 ቀን አለ። በእነዚያ ቀናት ሱቆች የተረፋቸውን የገና ዕቃ ዋጋ ሰብረው ያወጣሉ። ሻማው፣ ሹራቡ፣ መጠቅለያ ወረቀቱ ሳይቀር በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ነገር ግን ሹራቡ አጋዘን ያለበት እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። ቀንዱ የሚያበራ አጋዘን ደረታቸው ላይ ያደረጉ እናት ነጠላቸውን ደርበው ቅዳሴ መቆማቸው የታየበት ቦታ አለ፤ እሳቸው ሙቀቱን ነው ያዩት።

እማማ ደለስ አየር ማረፊያ ሲደርሱ እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ይገፋሉ። ሁለቱም በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ለማያውቋቸው ሰዎች የተላከ አደራ ናቸው፤ የራሳቸው ልብስ ያለው በእጅ ቦርሳው ውስጥ ነው። ሥጋ ነክ ነገር አይገባምና ቋንጣው ጉምሩክ ላይ ቀርቷል፤ እማማ እስከ ፋሲካ ያዝኑለታል። ቤት ገብተው አንድ ሳምንት ሳይሞላ ቡና ይቆላሉ፣ ዕጣን ያጨሳሉ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። አማችየው ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ ያራግባል፤ እማማ ከሥር ሆነው «ቤቱን ምን ነካው?» ይላሉ።

ለእንዲህ ያለች እናት ዕቃ መግዛት ከንቱ ድካም ነው፤ ደረሰኙን ካገኙት ራሳቸው አስመልሰው ገንዘቡን ለልጅ ልጃቸው ይሰጡታል። የሚጎድላቸው ሌላ ነው። ባልና ሚስት ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ፤ እሳቸው ሦስት ዙር አፍልተው በረካውን የሚያቀምሱት ሰው የለም። አንድ ርካሽ የግድግዳ ሰዓት ገዝቶ በአገር ቤት አቆጣጠር ሞልቶ መስቀል ይቻላል፤ በገና ሰሞን ዋሽንግተንና አዲስ አበባ በ8 ሰዓት ይለያያሉ፤ እማማ ግን ጣታቸውን መቁጠር ትተው «አሁን እዚያ መሽቷል፣ እህቴ ተኝታለች» ለማለት ይበቃቸዋል። በኢትዮጵያ ቀን የተሠራ ካላንደር አትሞ ማቀዝቀዣው በር ላይ መለጠፍ ደግሞ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21 መዋላቸውን ሰው ሳይጠይቁ እንዲያውቁ ያደርጋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በዚያው ሰፈር ልጇን ልትጠይቅ የመጣች ሌላ እናት አፈላልጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ማገናኘት ነው። ሁለቱ እናቶች ቡና ላይ የሚያወሩትን አማቾቻቸው ባይሰሙት ይመረጣል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አንድ የቀረ ስጦታ አለ፤ እሱም አስቀድሞ አማቾችና ምራቶች ቤት ያለ ነው። እጀ ሰፊ እናት ምግብ ሲልኩ ዕቃውንም ይልካሉ። ወጡ በክዳን ዕቃ፣ ዓይቡ በጎድጓዳ ሳህን፣ ጠላው በጀሪካን፣ አጥሚቱ በፔርሙስ ይሄዳል። ዕቃው ግን አይመለስም፤ የማይመለሰውም በስርቆት አይደለም፣ በጨዋነት ነው። ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ባልና ሚስት ደግሞ ውጭ ስለሚበሉ የሚሞሉበት ነገር የላቸውም፤ ስለዚህ «ትንሽ ነገር አድርገንበት እንመልሳለን» ብለው ከመደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል። እንዲህ እያለ የእማማ ማጀት ግማሹ የልጆቹ ወጥ ቤት ተሰዷል። እሳቸው ሰው ሲመጣባቸው ወጥ የሚያወጡበት አጥተው ከጎረቤት ይዋሳሉ፤ የጎረቤቷን ሳህን ደግሞ ለሌላ ሰው ይልኩበታል።

እንግዲህ በገና ዋዜማ ባልና ሚስቱ መደርደሪያውን ይከፍታሉ። ሁሉንም ያወጣሉ፣ ያጥባሉ፣ ክዳን ከሳህኑ ያጋጥማሉ። ከዚያ ይሞላሉ፤ እዚህ ላይ ርካሹ ሁሉ ቦታ ያገኛል። በአንዱ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ በአንዱ ተጠርጎ የታጠበ ዝንጅብል፣ በአንዱ የተለቀመ ምስር፣ በትልቁ ጧፉ፣ በትንሿ መርፌዎቹ፣ በክዳን ዕቃው ዕጣኑ፣ ስኒዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው በጎድጓዳው። ሁሉም በአንድ ትልቅ ዘንቢል ይገባል።

እማማ በር ይከፍታሉ። «ምነው ተ…» ብለው ይጀምሩና ያቋርጣሉ። ዕቃው የራሳቸው ነው፤ የራስን ዕቃ አልቀበልም ማለት አይቻልም፣ ወደ መኝታ ቤትም አይገባም፣ ቦታው ማጀት ነው። አንድ በአንድ ክዳኑን እየከፈቱ «ይሄን እዚያ ቤት ረስቼው ነበር እኮ!» ይላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱን አሽትተው «ማን ላጠው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አማችየው እጁን ሲያወጣ ጣቱን ያዩና ይስቃሉ። ማርሴል ሞስ ያላት ያቺ መካከለኛዋ ግዴታ በዚህ ዓይነት፣ ማንም ሳያነሳት፣ ተፈጸመች።

እርግጥ ማታ ሲወጡ ዕቃዎቹ ዶሮ ወጥ፣ ዓይብና ድፎ ዳቦ ተሞልተው በመስኮት ተመልሰው ገብተዋል። ጥር ገባ ሲል ደግሞ ስልክ ይደወላል።

«ልጄ፣ የሰማያዊዋ ሳህን ክዳን እናንተ ጋ ሳትቀር አትቀርም።»

«ይቅርታ እማማ፣ አሁኑኑ ፈልጌ አመጣልዎታለሁ።»

«ተወው፣ አትድከም። እኔ ክዳን ያላት ሌላ ገዝቼ በእነ እትዬ ሹፌር ልኬላችኋለሁ፤ ውስጧ ትንሽ በሶ አለች። ለጥምቀት ስትመጡ ባዶዋን ይዛችሁልኝ ኑ። ምንም ነገር ጨምራችሁባት ብትመጡ እቀየማለሁ!»